የአሰገደች ኡኬሚ

አሰገደች ዲላ ውስጥ የአንደኛ ደረጃ መምህርት ናት። ገበያ አጠገብ አንድ ወጣት ገፍትሮ ጥሏት ስልኳን ከነጠቃት በኋላ፣ ሃምሳ ዓመት ቢያልፋትም ጁዶ ለመማር ተመዘገበች። ፍላጎቷ ወንድ አንስታ መጣል ነበር።

አሠልጣኟ ቦና ግን ፍራሽ ላይ የሚጥለው እሷኑ ነው። አገጯን ወደ ደረቷ አስጠግታ፣ መሬቱን በክንዷ መትታ እንድትንከባለል ደጋግሞ ያሠራታል።

አንድ ቀን ተናደደች። "ልጄ፣ መውደቅ ማንን ያቅተዋል? እኔ የመጣሁት መጣል ልማር ነው።"

"ቲቸር፣ ይሄ ኡኬሚ ይባላል፤ በጃፓንኛ በአካል መቀበል እንደማለት ነው" አላት ቦና። "የሚገፋዎትን ሰው ባያሸንፉት እንኳ፣ ሳይጎዱ ከተነሡ መሮጥም መጮህም ይችላሉ።"

አላሳመናትም፤ ሆኖም መምጣቷን አልተወችም።

ክረምት ላይ ለለቅሶ ወደ ኢዲዶ ስትሄድ የተሳፈረችበት ሞተር ሳይክል ጭቃ ላይ አንሸራተተ። ለማሰብ ጊዜ አላገኘችም። አገጯ በራሱ ወደ ደረቷ ገባ፤ ትከሻዋ መሬቱን ተቀበለ፤ ተንከባልላ ተቀመጠች። መዳፏ ብቻ ተልጧል። ሹፌሩ ክንዱ ተሰብሮ ያቃስት ስለነበር በነጠላዋ አሰረችለትና መኪና እስኪመጣ አጠገቡ ቆየች። ያኔ ነው ከዘረፋው ቀን ጀምሮ ሲያስጨንቃት የኖረው ሌባው ሳይሆን ያ ምንም ማድረግ ያልቻለችበት አወዳደቋ እንደነበር የገባት። አሁን ግን ልቧ በእርጋታ ይመታል።

ወደ ሥልጠናው ስትመለስ ቦና መዳፏን አይቶ ደነገጠ።

"ምን ሆኑ ቲቸር?"

"ወደቅኩ" አለችው እየሳቀች፤ የሆነውንም ከመጀመሪያው ጀምራ ታጫውተው ጀመር።