ደቦ የማይወጣለት ሰው

ስቆጣ ቶሎ ነው፤ ስበርድም ቶሎ ነው። ወንድሜ ሸኩር ግን መቆጣት የሚባል ነገር አያውቁም። በአሥራ ስድስት ዓመት ይበልጡኛል። እናታችን ስትሞት እኔ ገና የወተት ጥርሴን አልነቀልኩም ነበርና አብልተው፣ አልብሰው፣ ቁርአን ቤት አድርሰው ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው። በየቡ ዙሪያ ሹሩባ መሥራት የሚችል ወንድ ቢኖር እሳቸው ብቻ ነበሩ፤ እሱንም አጣመው ነበር የሚሠሩት። እኔም ጠማማውን ሹሩባ ይዤ ስኮራ አደግኩ።

ቀበሌያችን ከየቡ ከተማ በእግር አንድ ሰዓት ያስኬዳል። ቡናችን ግማሹ በጓሮ፣ ግማሹ በጫካው ጥላ ሥር ነው። ካቻምና የካቲት ላይ ከወንዙ ማዶ ያለው ጫካ እሳት ተነሣበትና ሦስት ቀን ነደደ። ከሰል አክሳይ ነው ያለም አለ፣ ማር ቆራጭ ነው ያለም አለ፤ እስካሁን አልታወቀም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ እሳቱ ከጠፋ በኋላ እኛ ኮሚቴ አቋቋምን። ሰብሳቢ ያደረጉት እኔን ነው። ለምን እንደሆነ አውቃለሁ፤ ድምፄ ትልቅ ነው። ጸሐፊው ጡረታ የወጡት መምህር ሣህሉ ሆኑ።

ዓምና ጥር ሲገባ በጫካውና በጓሮ ቡናችን መካከል ስምንት ሜትር ስፋት ያለው መስመር መነጠርን። ቁጥቋጦውን ቆረጥን፤ የደረቀውን ቅጠል አፈሩ እስኪታይ ጠረግን። መምህር ሣህሉ ሜትር ይዘው ከኋላችን እየተከተሉ፣ “እዚህ ጋ ሰባት ተኩል ነው፣ ወይዘሮ ረይሃና” እያሉ ነፍሴን አወጡት። በየመቶ እርምጃው ውሃ የሞላ ጀሪካን አስቀመጥን። ጭስ ያየ ሰው መስጊድ እንዲደውልና በድምፅ ማጉያው እንዲነገር ተስማማን።

የቀረው ቅጣቱ ነበር። ፖሊስ ይጠራ ያሉ ነበሩ። እኔ ተነሣሁና፣ “በበጋ እሳት ይዞ ጫካ የገባ ሰው፣ ቀጥሎ ቡናው ሲደርስ ደቦ አይወጣለት” አልኩ። እኛ አገር ቡና የሚለቀመው በደቦ ነው፤ ዛሬ የአንዱ፣ ነገ የሌላው፣ በተራ። ቡና ከቀላ ሰው አይጠብቅም። ደቦ የሌለው ሰው ፍሬው መሬት ላይ ይረግፍበታል። ከዚህ የባሰ ቅጣት እንደሌለ ሁሉም ገባውና አጨበጨበልኝ። ከሁሉ አስበልጠው ያጨበጨቡት ወንድሜ ነበሩ።

ወንድሜ ደግሞ ማር ቆራጭ ናቸው። ቀፎዎቻቸው ጫካው ውስጥ ከረዣዥም የቀረሮ ዛፎች ላይ ተሰቅለዋል። ገመድ ይዘው ይወጣሉ፣ በደረቅ ልጥ የታሰረ ችቦ ለኩሰው ንቡን በጭስ ያርቃሉ፣ ማሩን ያወርዳሉ። ስድሳ ስምንት ዓመት ሞልቷቸውም ከዛፍ አልወረዱም።

የካቲት ላይ ልጄ ሩፈይዳ ጅማ፣ ሰቶ ሰመሮ ሰፈር ባለው ቤቷ የበኩር ልጇን ወለደች። ስልኩ እንደመጣ አጥር ብቻ ነው የሚለየንና በአጥሩ በኩል ወንድሜን ጠራኋቸው። አልሐምዱሊላህ ብለን ተላቀስን። ከዚያ እኔ ምላሴ መች ያርፋል፣ “ጋሼ፣ ለአራሷ ግን ማር የለንም እኮ” አልኩ።

“ከጅማ ይገዛላት።”

“የገበያ ማር? ለእኔ ልጅ? ስኳር ሊያበሏት ነው?”

የግራዋ ማር የሚደርሰው ልክ በዚያ ሰሞን ነው። ማር ከዛፍ በምን እንደሚወርድ የማላውቅ ይመስል፣ ሕግ አውጪዋ እኔው ተናግሬ ቤቴ ገባሁ። ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ።

በማግስቱ ፀሐይ ወደ መጥለቂያዋ ስትጠጋ ከጫካው ውስጥ የወንድሜን ድምፅ ሰማን። “ኢቢዳ! ኢቢዳ! እሳት ነው፣ ድረሱልኝ!” ወዲያው የመስጊዱ ድምፅ ማጉያ ተቀበላቸው። ሰው ከየቤቱ ጀሪካንና እርጥብ ቅርንጫፍ እየያዘ ወጣ። ስንደርስ የደረቀው ቅጠል እየተንጣጣ ወደ እኛ ይመጣል። መምህር ሣህሉ የለኩት መስመር ላይ ተደርድረን ቀጠቀጥነው። እሳቱ እዚያ ሲደርስ የሚበላው አጣ። ሠላሳ እግር የሚሆን የጫካ ቡናችን ተቃጠለ እንጂ አንድም ጓሮ አልተነካ።

ወንድሜን ከቀረሮው ሥር አገኘናቸው። በጋቢያቸው ሲያጠፉ ጋቢው ግማሹ ነዶ፣ ቅንድባቸው ተለብልቦ፣ የማሩን ቅል ግን በጉያቸው አቅፈው ተቀምጠዋል። ከችቧቸው ላይ ፍም ወድቆ ነው።

“አርባ ዓመት ይዤ ስወጣ አንድ ቅጠል አላቃጠልኩም” አሉ። “ሕጉ ለዝርክርክ ሰው የወጣ መስሎኝ ነበር።”

መምህር ሣህሉ ደብተራቸውን አወጡ። “ማሩ ለማን ነው፣ አቶ ሸኩር?”

ወንድሜ ወደ እኔ አላዩም። “ለአፌ” አሉ። “ሽማግሌ ሆዳም ነው።”

እኔስ? እኔማ ድምፀ ትልቋ፣ ያን ቀን ድምፅ አልነበረኝም። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ማለት ይሄ ነው። በሳምንቱ ስብሰባ ላይ የወንድሜን ስም በራሴ አፍ አንብቤ፣ ቅጣቱን አጽድቄ ወጣሁ። ማሩን ወንድሜ በእሳቱ ዕለት ሌሊት በረንዳዬ ላይ አስቀምጠውልኝ ነበር። ለልጄ ወሰድኩላት። እሷ እየጣማት ስትበላ እኔ አንዲት ጣት መቅመስ አቃተኝ።

ክረምቱ አለፈና ጥቅምት ላይ ቡናው ቀላ። እንግዲህ ወንድሜ ያደረጉትን ተመልከቱ። የሚወጣላቸው ደቦ የለም፤ እሳቸው ግን ከማንም ደቦ አልቀሩም። ሕጉ ወደ እሳቸው አትሂዱ አለ እንጂ እሳቸው አይሂዱ አላለም። ጎህ ሲቀድ ቅርጫታቸውን አንገታቸው ላይ አስረው ከሰው ሁሉ ቀድመው ይደርሳሉ፤ ሲለቅሙ ይውላሉ። የራሳቸውን ከአስር ሶላት በኋላ በተረፈቻቸው ብርሃን ብቻቸውን ይለቅማሉ። በአጥሩ ቀዳዳ ሳይ የረገፈው ፍሬ ከሥሩ ተነጥፎ ነበር።

ሰውንም አላስቻለውም። አንድ ጁምዓ ከሶላት በኋላ የመስጊዱ ኢማም ሼህ ሱፊያን መምህር ሣህሉን ጭምር አስጠርተው በመስጊዱ ግቢ ሰበሰቡን። “ሸኩር አጥፍቷል፤ ግን እሳቱን አይቶ ቀድሞ የጮኸውም እሱ ነው” አሉ። “የሁላችንን ቡና እየለቀመ የእሱን መሬት ሲበላው ማየት ከበደን። ረይሃና፣ ሰብሳቢዋ አንቺ ነሽ። ቅጣቱን አንሺለት።”

ደስታዬን አልደብቅም። አፌን ስከፍት ግን ወንድሜ ተነሡ።

“አይነሣም” አሉ። “ዘንድሮ ለእኔ ከተነሣ ለከርሞ ለሌላው ይነሣል። ያኔ መስመሩንም የሚጠርገው አይኖርም። ይህችን ልጅ ሰው ሳትፈራ እንድትናገር አድርጌ ነው ያሳደግኋት። አታስፈሯት፣ ወላሂ።”

ያን ጊዜ እንባዬ መጣ። እንዲህ ያለ ሰው አጠገቤ ቆሞ እኔ ጥፋቴን እንደ ሌባ ሸሽጌ ስምንት ወር ከረምኩ።

“ማሩን ያዘዝኩት እኔ ነኝ” አልኩ።

“ረይሁ፣ ዝም በይ!” አሉ ወንድሜ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ጮኹብኝ።

“አልልም! ለሩፈይዳ ነው። ማር ያለ ችቦ እንደማይወርድ እያወቅኩ የገበያውን ናቅሁ። ለአፌ ያሉት እኔን ሊሸፍኑ ነው። የፊታችን ቅዳሜ የደቦ ተራው የእኔ ነው፤ ማንም እንዳይመጣ። የእሳቸው ቅጣት የእኔም ነው። ሰብሳቢነቱንም ውሰዱልኝ።”

“ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ” አሉ ሼህ ሱፊያን። “ቅጣቱ ለሁለታችሁም ይጽና። ሰብሳቢነቱን ግን አንወስድልሽም። ከእንግዲህ ማን ደፍሮ እሳት ይዞ ጫካ ይገባል?” መምህር ሣህሉ ከወንድሜ ስም ሥር የእኔን ጻፉ። ጽሕፈታቸው እንደወትሮው አማረ።

ወንድሜ እስከ ቤታችን ድረስ ከፊቴ ከፊቴ ሄዱ። በራቸው ላይ ሲደርሱ ዞር አሉና እንደ ልጅነቴ ሻሼን አቃንተው ገቡ።

ቅዳሜ ማንም አልመጣም። እኔ ከአጥሩ በዚህ፣ እሳቸው በዚያ፣ እየተነጋገርን ለቀምን። የሩፈይዳ ልጅ መዳህ መጀመሩን ነገርኳቸው፤ ንቦቹ ወደ ቀረሮው መመለሳቸውን ነገሩኝ። የእኔ ማሳ ከእሳቸው ያንሳል። በሁለተኛው ሳምንት የቀረኝ ጥቂት ዛፍ ነበር፤ እሳቸው ገና አልጋመሱም።

“አንቺ ልጅ፣ ምነው ዛሬ እጅሽ ተሳሰረ?” አሉኝ በአጥሩ ላይ ብቅ ብለው።

“ወገቤን አሞኛል፣ ጋሼ” አልኩ። ወገቤ ደህና ነበር። አንዷን ፍሬ ለቅሜ ወደ ሌላዋ ቀስ ብዬ እሄዳለሁ፤ እሳቸው ሳይጨርሱ ቅርጫቴን ማስቀመጥ አልፈለግኩም።