በእህቴ የተመረመረ

ኮድ መርማሪዋ ወሬውን የሰማችው ቢሮዋ ምሳ እየበላች ነው። ሰው ክሪፕቶ የሚባለውን የኢንተርኔት ገንዘብ የሚያስቀምጥበት የአንድ መተግበሪያ ባለቤት የሰዉን ገንዘብ ጠራርጎ ጠፍቷል። "እሺ" አለችና የምሳ ዕቃዋን ከደነች። ማልቀስ ነበረባት፤ አልመጣላትም።

የመተግበሪያውን ኮድ የመረመረችው እሷ ናት። ሌባ ከውጭ የሚገባበት ቀዳዳ የለውም። "ነገር ግን ባለቤቱ ማንንም ሳያስፈቅድ የሁሉንም ተቀማጭ ማውጣት ይችላል" ብላ ሪፖርቱ ላይ ቁልጭ አድርጋ ጽፋለች። ሰውየውም ሪፖርቱን እንዳለ ድረ ገጹ ላይ ለጠፈው። ምን ቸገረው! ሰው እንደሆነ "በገለልተኛ ባለሙያ ተመርምሯል" የምትለዋን ካየ ሌላውን ማን ያነብለታል?

ልብስ ሰፊው ታላቅ ወንድሟ ያቺን መስመር እንኳ አላነበበም። "በእህቴ የተመረመረ ነው" እያለ ራሱም ገንዘቡን ይዞ ገባ፣ ጎረቤቶቹን ጫማ ሠሪውንና ፀጉር ሠሪዋንም አስገባ። ያን ሰሞን ቤቷ መጥቶ እየሳቀ ነግሯታል።

"ሪፖርቱን አንብበኸዋል?" አለችው።

"አንቺ ካነበብሽው ምን ቀረኝ?"

ደክሟት ነበር። የጻፍኩትን ደግሞ ልተርክ እንዴ ብላ ተወችው፤ ጨዋታው ወደ ልጆቹ ትምህርት ዞረ።

አሁን የወንድሟ ሱቅ ስትደርስ ጫማ ሠሪውና ፀጉር ሠሪዋ አግዳሚው ላይ ቁጭ ብለዋል። ማንም አልጮኸባትም። ወንድሟ ከስፌት መኪናው ተነስቶ ደንበኞች ልብስ ከሚለኩበት መጋረጃ ጀርባ ወሰዳት።

"ታውቂ ነበር?" አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

"ጽፌዋለሁ፣ ጋሼ።"

"መጻፉንማ ለዓለሙ ሁሉ ጻፍሽ። ለእኔ በአፍሽ መንገር አቃተሽ?"

ሀዘን ፈለገች፤ አሁንም አልመጣላትም። አንድ ነገር ብቻ ታውቃለች፤ ያን ቀን አንድ ቃል ብትተነፍስ ኖሮ እነዚህ ሰዎች ዛሬ ሥራቸው ላይ ነበሩ። ወንድሟ ትክ ብሎ አያት፤ አንጀቱ አልቻለም መሰለኝ፣ መጋረጃውን ገልጦ ወጣ።

"እሷንም ነው የሸወዳት" አላቸው። "ምንም አታውቅም ነበር።"

ፀጉር ሠሪዋ ፈቀቅ ብላ ቦታ ለቀቀችላት።

"ነይ ተቀመጪ፣ የኔ እናት። የአንቺስ ይብሳል፤ ስምሽንም ነው ያጠፋው።"

መርማሪዋ ሄዳ አጠገቧ ተቀመጠች።