ያልተጠቀለለው እጀታ

አክስቷ አስቻለች የሆኪውን ዱላ ከግድግዳው ላይ ስታወርደው ጀማነሽ አይታታለች፤ ልትከለክላት ግን አልደረሰችም። ከሰላሌ በጠዋቱ አውቶቡስ የገባችው አክስቷ የአገሯን ወግ አትለቅም። ለእሷ ለቅሶ ማለት የሟችን ዕቃ አውጥቶ፣ ሙያውን ዘርዝሮ ማልቀስ ነው። አርበኛ ቢሆን ጠመንጃው፣ ደብተራ ቢሆን መቋሚያው ይወጣል። ወንድሟ፣ የጀማነሽ አባት አጥናፉ፣ አናጢ ነበርና በግራ እጇ መላጊያውን፣ በቀኝ እጇ ዱላውን ይዛ ከእድሩ ድንኳን መሃል ቆመች።

«ወይራውን በእጁ እንደ ሰም የሚያጎብጥ፣
ምነው ወንድም ጋሼ ሳይነግረኝ የሚያመልጥ?»

ድንኳኑ ተነቃነቀ። ቂርቆስ ከተሜ ነኝ ባይ ሰፈር ነው፤ ለቅሶ ላይ ስልኩን የሚነካካ አይጠፋም። የባላገር ሙሾ ሲሰማ ግን ሁሉም ስልኩን ኪሱ ከቶ አንገቱን ይደፋል። ካዛንቺስ ሲፈርስ በየኮንዶሚኒየሙ የተበተኑት የድሮ ጎረቤቶችም ሁለት ሦስት ታክሲ ይዘው መጥተው ነበርና፣ ዱላውን እያዩ «እጁ ወርቅ ነበር እኮ» ይባባላሉ። የጀማነሽ እንባ ግን ቀጥ አለ። ቤት ውስጥ ስንት ወንበር፣ ስንት ቁምሳጥን፣ ስንት የተቀረጸ መስቀል እያለ አክስቷ መርጣ ያወጣችው፣ እሷ አባቷን ያሳዘነችበትን ዱላ ነው።

ጀማነሽ የሃያ አራት ዓመት ልጅ ናት። በሳምንቱ ቀናት ፋርማሲ ትሠራለች፤ ቅዳሜ ጠዋት ጎተራ አጠገብ ባለ ሜዳ ላይ ከሴት ጓደኞቿ ጋር ሆኪ ትጫወታለች። ቡድኑ ከየት እንደመጡ በማይታወቁ አሮጌ ዱላዎች የሚጫወት፣ ሕጉንም ከስልክ ላይ እያየ የሚማር ቡድን ነው። ባለፈው ኅዳር እራት እየበሉ፣ በግራ በኩል የሚመጣ ኳስ ሁሌ እንደሚያመልጣት ለእናቷ አማረረች። አባቷ ምንም አላለም። ጎርሶ፣ አላምጦ፣ እጁን ታጥቦ ወጣ። እሱ ዝም ካለ አንድ ነገር እየሠራ ነው ማለት ነው።

ለአንድ ወር ያህል ወይራ ቀቀለ፣ አጎበጠ፣ ላገ። በልጅነቱ ሰላሌ ሜዳ ላይ ገና የተጫወተ ሰው ነውና ዱላ ማለት ለእሱ የገና ዱላ ነው። በገና ጨዋታ ኳሷን በፈለግከው በኩል ብትመታት ማንም አይጠይቅህም። ስለዚህ የሆኪውን ዱላ በሁለቱም በኩል ጠፍጣፋ አድርጎ ሠራው፤ ኳሱ በግራ ቢመጣ በግራው፣ በቀኝ ቢመጣ በቀኙ ቀጥ ታደርገዋለች። መጨረሻ ላይ እጀታውን ለመጠቅለል ጀማነሽን ጠራት። ይሄ ከትንሽነቷ ጀምሮ የሁለቱ ሥራ ነበር። የመዶሻም የመጥረቢያም እጀታ ሲጠቀልል እሷ የጨርቁን ጫፍ ይዛ ትወጥራለች፣ እሱ እንጨቱን ያዞራል። «ብቻውን የጠቀለለ ሰው ይላላበታል» ይላት ነበር።

ጥር ላይ በውድድሩ ቀን ኳስ በግራዋ መጣ። ጀማነሽ ቀጥ አደረገችው፣ መታችው፣ ገባ። ገና ሳትጮህ ዳኛው ፊሽካውን ነፋ። ዱላውን ከእጇ ወስዶ ገለበጠው፣ አሁንም ገለበጠው፣ ከዚያ ለተመልካቹ ከፍ አድርጎ አሳየው። በሆኪ ሕግ የዱላ ፊት አንድ ነው፤ ጀርባው ክብ መሆን አለበት። ሜዳው ሙሉ ሳቀ። ጎሉ ተሰረዘ፣ እሷም ወጣች። እውነቱን ለመናገር ጥፋቱ የሁለቱም ነበር፤ በጠፍጣፋው በኩል መምታት ነው የሚባለውን ታውቃለች እንጂ፣ ሁለቱም ጠፍጣፋ ቢሆን ያስቀጣል ብላ እሷም አልጠረጠረችም። ቁጣው ግን የእሷ ብቻ ነበር።

ታክሲ ውስጥ አባቷ ሊያስቃት ሞከረ። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» አላት።

«ይሄ ገና አይደለም፣ አባዬ» አለችው። «አሳፈርከኝ። ሁለተኛ ዱላ እንዳትሠራልኝ።»

«እሺ የኔ ልጅ» አለ። ቤት ሲገቡ ዱላውን ራሱ ሰቀለው።

ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ከዚያ ወዲያ አብረው በልተዋል፣ ተሳስቀዋል፣ ደም ግፊቱንም ትለካለት ነበር። ስለ ዱላ ግን አንድም ቀን አልተነጋገሩም። ጀማነሽ ይቅርታ ልጠይቀው ዛሬ ነገ ስትል ስድስት ወር አለፈ። ሐምሌ ገባና አንድ ሰኞ ጠዋት አባቷ ቄራ ወዳለው ሥራ ቤቱ እንደሄደ አልተመለሰም። ልቡ ነው አሉ። ማክሰኞ ተቀበረ። አሁን ሰው ሁሉ እግዜር ያጽናሽ ሲላት፣ እሷ በልቧ የምትጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ተቀይሞኝ ይሆን የሞተው?

በማግስቱ፣ ረቡዕ፣ የቡድን ጓደኛዋ ሳምራ መጣች። ፍራሹ ላይ አጠገቧ ተቀምጣ እጇን ያዘች። ወንዶቹ ድንኳኑ ውስጥ ካርታ ይጫወታሉ፤ ሴቶቹ ንፍሮ እየቆረጠሙ፣ ማን ወዴት እንደተዛወረና የማን ቤት ውሃ እንደማያገኝ በሹክሹክታ ያወራሉ። ሳምራ ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለች።

«ጀሚ፣ ማለቴ… አባትሽ እንዳልነግርሽ አስምሎኝ ነበር። አሁን ግን ካልተናገርኩ በቃ ያንቀኛል።»

አጥናፉ ከሚያዝያ ጀምሮ ሜዳው ድረስ ይመጣ ነበር። ጀማነሽ ልምምድ ጨርሳ ስትሄድ ይጠብቅና፣ በማዳበሪያ ከረጢት ዱላ ተሸክሞ ብቅ ይላል። ሳምራን ስድስት ዱላ አስሞክሯታል። አንዱ ከበደ፣ አንዱ ጎበጥ አለ፣ አንዱ ሲመቱበት እጅ ያነዝራል። ያንኑ ያሳቀባቸውን ዳኛ ፈልጎ አግኝቶ፣ ማኪያቶ ጋብዞ ሕጉን በወረቀት አስጽፎታል። ወረቀቱን እንደ ክታብ ደረት ኪሱ ይዞት ይዞር ነበር። ከአጥሩ ጀርባ ቆሞም የጀማነሽን ጨዋታ አይቷል፤ ችግሩ የዱላው ፊት እንዳልሆነ የገባው ያኔ ነው። በግራ ለሚመጣ ኳስ ዱላውን መገልበጥ አለባት፤ ስትገለብጠው ግን እጀታው ግራ እጇ ውስጥ ይንሸራተታል።

«ሰባተኛው ነው የሷ አለኝ» አለች ሳምራ። «እሱን አላየሁትም።»

ጀማነሽ ጥያቄውን ልታፍነው አልቻለችም። «ተቀይሞኝ ነበር?»

ሳምራ ትንሽ አሰበች። «እኔ እንጃ ጀሚ። ሲያወራ የነበረው ስለ እጅሽ ብቻ ነው።»

ያን ቀን ከሰዓት ጀማነሽ ሰው አየኝ አላየኝ እያለች ቤቱን በረበረች። አልጋ ሥር፣ ቁምሳጥን ጀርባ፣ ጓዳ፤ ሰባተኛ ዱላ የለም። እናቷን የሺሃረግን ጠየቀቻት። እናቷ በሐዘኗ መሃልም ፈገግ አለች፤ ያ ሰውዬ አፉንም ቫርኒሽ ቀብቶት ነው የኖረው፣ ምን ነግሮኝ ያውቃል ብላ መልሳ አለቀሰች። ጀማነሽ ተስፋ ቆረጠች። ጀምሮ ትቶት ይሆናል፤ ሁለተኛ እንዳትሠራልኝ ያለችው ቃል መሃል ላይ ትዝ ብሎት ይሆናል። ይሄ ሐሳብ ከሞቱ ባልተናነሰ አንገበገባት።

ሐሙስ ሠልስቱ ወጣ። ዝናቡ ድንኳኑን ሲደበድበው ውሎ ወደ ዘጠኝ ሰዓት አባራ። የእድሩ ሰዎች ወንበር ማጣጠፍ ሲጀምሩ ጋሽ መሐመድአሚን በማዳበሪያ የተጠቀለለ ነገር በብብታቸው ይዘው ገቡ። ብረት በያጅ ናቸው፤ ካዛንቺስ እያሉ ከአጥናፉ ጋር አንድ ግድግዳ ይጋሩ ነበር፣ ቄራም ተከትለው ነው የሄዱት። ሰኞ ዕለት ደግፈው ያነሱትም እሳቸው ናቸው። በየቀኑ ለቅሶ ሲደርሱ የሰነበቱ ቢሆንም ሥራ ቤቱን ለመክፈት ግን አንጀታቸው እምቢ ብሏቸው ነበር። ዛሬ ከፈቱት።

«ሞርሳው ላይ እንደታሰረ ነው ያገኘሁት» አሉና ማዳበሪያውን ፈቱት። «ሰኞ ጠዋት እጀታውን ሲሞርድ ነበር፣ የኔ ልጅ።»

ጀማነሽ ዱላውን በሁለት እጇ ተቀበለች። ፊቱ አንድ ነው፤ ጀርባው እንደ ሕጉ ክብ ነው። ወገቡ ላይ ኳስ ለማቀፍ ያህል በመጠኑ ጎበጥ ብሏል። ግራ እጇን እጀታው ጫፍ ላይ ስታደርግ ቦታው ሞላላ ሆኖ መዳፏን ሞላው፤ ቀኝ እጇ የሚያርፍበት ዝቅ ያለው ቦታ ደግሞ ድፍን ክብ ነው። በግራ እጇ ገለበጠችው። በቀኟ ውስጥ ሰተት ብሎ ዞረ፤ በግራዋ ውስጥ ግን ንቅንቅ አላለም። መለሰችው፣ ደግማ ገለበጠችው። እጇን ሳይለካ እንዴት አወቀው? ሃያ አራት ዓመት ሙሉ ያንን እጅ ሲያየው ኖሮ የለ። ዱላው እታች ድረስ ቫርኒሽ ተቀብቷል፤ እጀታው ብቻ ምንም ሳይለብስ ነጭ እንጨት ሆኖ ቀርቷል።

«ይሄን ሳይጨርሰው ነው የሞተው?» አለች።

«ጨርሶታል እንጂ» አሉ ጋሽ መሐመድአሚን። «ባለፈው አርብ ‹አምጣው፣ ጨርቁን ልወጥርልህ፣ ጠቅልለው› ብዬው ነበር። አይሆንም አለኝ። ‹እሱን የምትወጥርልኝ ጀማነሽ ናት› አለ። መቼ ስለው፣ ‹ኩርፊያዋ ሲበርድላት ትመጣለች፤ ደግሞ ምን ያስቸኩለኛል› አለ።»

ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ጀማነሽ አለቀሰች። ማክሰኞ መቃብሩ ላይ ያላለቀሰችውን፣ አክስቷ ስታሞሽ የደረቀባትን ሁሉ አለቀሰችው። አባቷ አልተቀየማትም። እሷ ይቅርታ ለመጠየቅ ድፍረት ስትፈልግ፣ እሱ ቦታዋን ክፍት አድርጎ ቁጭ ብሎ ሲጠብቃት ነበር። ይሄ ደስ ይላል፤ ደስታውም ያማል።

ድንኳኑ ወርዶ ግቢው ወና ሲሆን በረንዳው ደረጃ ላይ ተቀመጠች። ዱላውን ጉልበቷ ላይ አጋደመች። ከራሷ ላይ ጥቁሩን ሻሽ ፈታችና ከጠርዙ ይዛ በረጅሙ ቀደደችው። ቤት ውስጥ ፍራሽ ስታነሳ የነበረችው አክስቷ የጨርቁን ድምፅ ሰምታ ወጣች። ገና ዐፈሩ ሳይደርቅ የሐዘን ልብስ ይቀደዳል ወይ ብላ ደረቷን ያዘች። ጀማነሽ የጨርቁን አንድ ጫፍ በአገጭዋ ይዛ ሌላውን እጀታው ላይ ልትጠመጥም ሞከረች። ላላ። ፈታችና እንደገና ጀመረች። አሁንም ላላ።

እናቷ ከውስጥ ሆና ስታያት ቆየች። ከዚያ ወጥታ አስቻለችን በእጇ ገለል አደረገቻትና ከደረጃው በታች እርጥቡ መሬት ላይ ተቀመጠች። የጨርቁን ጫፍ ከልጇ አገጭ ላይ ወስዳ መዳፏ ላይ ሁለት ጊዜ ጠመጠመችው።

«በቃ፣ አዙሪው» አለች።

የሺሃረግ ጨርቁን ወጠረች። ጀማነሽ አባቷ ያደርግ እንደነበረው ዱላውን በቀስታ ማዞር ጀመረች።