ሳቂ፣ ማንም አያውቅም

«ጠዋት ጠዋት በባዶ ሆድሽ ነው የምትጠጪው። መረረኝ ብለሽ ደግሞ ስኳር እንዳትጨምሪበት» አለች ጎረቤታችን ሬዲዮ፣ የደረቀ ቅጠል የያዘ ፌስታል ለልጅቷ እያስጨበጠች።

«ለምን የሚሆን ነው?»

«ኧረ እኔን አትፈሪኝ፤ እንደ ታላቅ እህትሽ ቁጠሪኝ። የኔም አክስት ነበረባት።»

«ምን ነበረባት?»

ሬዲዮ ኮሪደሩን ግራና ቀኝ ቃኘችና፣ እስከ ምድር ቤት በሚሰማ ሹክሹክታ «ያው… የውሃ ሽንቱ ነዋ!» አለቻት።

እኔ በራፌ ላይ ተቀምጬ ድንች ስልጥ ነበርና ቢላዬን አቁሜ ሰማሁ። ጆሮ መጣል እንኳ አላስፈለገኝም። የታችኛው ፎቅ ጎረቤታችንን ሬዲዮ ያልናት እኮ በከንቱ አይደለም።

«እትዬ፣ እኔ እኮ ተዋናይ ሆኜ ነው የሠራሁት» አለች ልጅቷ።

«አውቃለሁ፣ አውቃለሁ» አለች ሬዲዮ እጇን እየደባበሰች። «እንደሱ በይ። ለሰው እንደሱ ነው የሚባለው።»

ልጅቷ የግድግዳ ጎረቤቴ ልጅ ናት። ጥርስ ሐኪም ቤት ካርድ ክፍል ትሠራለች፤ ከሥራ ስትመለስ ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለች ነው የምትወጣው። ሬዲዮ ያየችው ማስታወቂያ ማታ በቴሌቪዥን ከዜና በፊት የሚመጣው ነው። ልጃችን ነጭ ሱሪ ለብሳ በአበባ መሃል ገመድ ትዘላለች። ትስቃለች። ከዚያ እጇ ብቻ የሚታይ ሴት ከብርጭቆ ሰማያዊ ውሃ ፓድ ላይ ታፈሳለች። ሰማያዊ! የማን ሽንት ነው ሰማያዊ? ቀለም የጠጣች ሴት ካልሆነች በቀር። ልጅቷ ወደኛ ዞር ትልና «እኔም ነበረብኝ። አንዳንዴ ጠብ ትልብኛለች። አሁን ግን ዓለም የኔ ናት!» ትላለች። ጎርናና ድምፅ ያለው ወንድ ይቀበልና «ሳቂ፣ ማንም አያውቅም» ብሎ ይዘጋዋል። ከታች በትንንሽ ፊደል «እውነተኛ ታሪክ» የሚል ጽሑፍ አለ።

ማንም አያውቅም ያለው ሰውዬ ሰፈራችንን አያውቅም። ሳምንት ሳይሞላ ያላወቀ ሰው ጠፋ። ዳቦ ቤት ወረፋ ላይ «እሷን አስቀድሟት፣ መቆም አትችልም» ይሏት ጀመር። የአውቶብሱ ትኬት ቆራጭ «ወራጅ ከሆንሽ ቀደም ብለሽ ንገሪኝ፣ ወንበሩ አዲስ ነው» አላት፤ አውቶብሱ ሙሉ ሳቀ። እሷም አብራ ሳቀች፤ ማስታወቂያው ላይ እንደምትስቀው ሳይሆን፣ ሰው መቼስ ምን ያድርግ ብሎ እንደሚስቀው። ይሄ ሁሉ ባልከፋ። ኤሌክትሪክ ሠራተኛው እጮኛዋ ግን ስልክ ማንሳት ቀነሰ። ሲያነሳም «ሥራ ላይ ነኝ፣ ፖል ላይ ነኝ» ይላል። ልጁ ከፖል ሳይወርድ አስር ቀን አለፈው። የሠርጉ ልብስ እናቷ ቤት፣ ከሥር ሳይጠለፍ፣ የልብስ ማሳያው አሻንጉሊት ላይ ቆሟል።

እናቷ ልብስ ሰፊ ናት። የተማሪ ዩኒፎርም፣ የሰው ሱሪ ማሳጠር፣ ዚፕ መቀየር፤ የማትሰፋው የለም። ሕንፃው ሁሉ የሚጠራት «ኮስታራዋ» እያለ ነው። በአንድ ግድግዳ ስንት ዘመን ስንኖር ጥርሷን አይቼው አላውቅም። እኔ ደግሞ ቀልድ ካላወራሁ የበላሁት የማይፈጭልኝ ሰው ነኝ። ገና የቀልዱ ወገብ ላይ ስደርስ ከንፈሯን ትነክሳለች፤ እግሯን አጣምራ ወለሉን ታያለች፤ ከዚያ «ካውያ ሰክቼ ነው የመጣሁት» ብላ ብድግ ትላለች። ካውያው እሷ እንደምትለው ቢሆን ኖሮ ይሄ ሕንፃ ድሮ አመድ ሆኖ ነበር። ሰዎች ትንቀናለች ይላሉ። እኔ ግን ቀልዴ ባይጥማት ነው ብዬ ሌላ ቀልድ ስፈልግ ነው የኖርኩት።

ሬዲዮ ቅጠሏን ሰጥታ በወረደች ማግስት ግድግዳዬ በመቀስ እጀታ ተንኳኳ። ነይ ማለቷ ነው። ስገባ ኮስታራዋ የስፌት መኪናዋ ላይ ተቀምጣለች፤ መርገጫውን ግን አልረገጠችውም።

«አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ» አለችኝ።

«አይጧ ማናት?»

«እኔ ነኛ።»

ቀልድ የጀመረች መስሎኝ ደስ ሊለኝ ነበር።

«ያለብኝ እኔ ነኝ። ይህችን ልጅ ስወልድ ነው የጀመረኝ። ትልቅ ጭንቅላት ነበራት» አለች፣ የሌላ ሰው ልጅ ያማች ይመስል።

ከዚያ በኋላ ቀጥ ብላ ነገረችኝ። ለዚህ የምትጠቀልለውን ጥጥና ዳይፐር የምትገዛው ማዶ ካለው መድኃኒት ቤት ነው። «ለእናቴ ነው» እያለች ትገዛለች፤ እናቷ ከሞቱ ስንት ዘመናቸው። ፋርማሲስቷ አላምን ብላት ይሁን አዝናላት፣ አንድ ቀን በጥቁር ፌስታል ጠቅልላ ስትሰጣት «ማስታወቂያ የሚሠሩ ሰዎች ችግሩ ያለባቸውን ሴቶች ይፈልጋሉ። ታሪካችሁን ብትነግሯቸው ሌላዋ ሴት አትደበቅም» አለቻት። ኮስታራዋ ስታስብ ሰነበተችና ሄደች። ልጇን አስከትላ፤ ቦርሳ እንድትይዝላት።

ነገረቻቸው። ስታስል፣ ስታስነጥስ፣ ባልዲ ስታነሳ የሚሆነውን። አውቶብስ ውስጥ ባዶ ወንበር እያለ ቆማ እንደምትሄድ። ጥቁር ቀሚስ እንጂ ሌላ ቀለም ለብሳ እንደማታውቅ፤ ለሰው ስንቱን ቀለም ስትሰፋ እየዋለች። «ከቤት ስወጣ መጀመሪያ የማየው ሰማዩን አይደለም፤ ሽንት ቤት የት እንዳለ ነው» አለቻቸው። ጸጉሯን በእርሳስ የጠቀለለች አንዲት ልጅ እንባዋን ጠረገች። ጆሮው ላይ ማዳመጫ የሰካው ወጣት «በጣም ደስ ይላል እናቴ፣ በጣም እውነት ነው» አለ።

«ሐኪም አለው ወይ? ብዬ ጠየቅኋቸው» አለችኝ።

«ምን አሉሽ?»

«‹እናቴ፣ እኛ ማስታወቂያ ነን› አሉኝ።»

«ታዲያ ለምን አንቺን አላወጡሽም?»

«ፊቴ አልሆናቸውም» አለችና መርፌዋ ላይ ክር መሰካት ጀመረች። ክሩ ብዙ ጊዜ ሳተባት።

ልጅቱን ግን በር ላይ ቦርሳ ይዛ ቆማ ሲያዩዋት «እስቲ ነጭ ሱሪ ልበሺ» አሏት። ልጅቷ እምቢ ልትል ነበር። ኋላ «እማ፣ ያንቺን ነገር ባዳ ከሚናገረው እኔ ልናገርልሽ» ብላ ገባች። የምትናገረውን ሲሰጧት፣ እናቷ ሙሉ ጠዋት ከተናገረችው ውስጥ የቀረው አንድ ጠብታ ነበር። ሱሪው ደግሞ ሰፋት። ያጠበበችው ማን ይመስላችኋል? እናቷ። እዚያው ባለ ወንበር ላይ ቁጭ ብላ፣ በእጇ።

«‹አጥብቢው፣ ገና ነው፣ አጥብቢው› አሉኝ። ፓዱ በየት ሊገባ ነው? አልኳቸው። ‹ለምስል ነው እናቴ፣ እሷ አታደርግም› አሉኝ።»

በዚህ መሃል ልጅቷ ከሥራ ገባች። እኔን ስታይ ነገሩ ገባት።

«እማ፣ ነገርሻት?»

«ነገርኳት። ቅዳሜ የእጮኛሽ አክስት ሲመጡም እነግራቸዋለሁ።»

«አትነግሪያቸውም! ይሄን ሁሉ ዘመን ሸፍነሽው ኖረሽ፣ አሁን ለሬዲዮ ልታስረክቢው ነው? ተዋናይ ነኝ እላለሁ፤ ያመኑ ያምናሉ።»

«ካላመኑስ?»

«ካላመኑ ይቅር።»

«ይቅር?» አለች ኮስታራዋ፣ የሠርጉን ልብስ ዳር በሁለት ጣቷ ይዛ። ልጅቷም ይቅር ያለችው አፏ ብቻ እንደሆነ ለማየት ጥርስ ሐኪም መሆን አያስፈልግም ነበር። ሌሊቱን በግድግዳው በኩል ሰማኋት፤ ሰው ትራስ ውስጥ ሲያለቅስ ድምፁ ሳል ይመስላል።

ቅዳሜ አክስትየው መጡ። የትምህርት ቤት ዳይሬክተር የነበሩ፣ ጡረታ ከወጡም በኋላ ሰው ሁሉ ቁጭ ብድግ የሚልላቸው ሴት ናቸው። ሻይ እንድቀዳ ተጠርቼ ነበርና ቀዳሁ። ኮስታራዋ ሻዩን አልነካችውም፤ ከጠዋት ጀምሮ ጉሮሮዋ ውሃ አላየም። አክስትየውን የተሻለው ወንበር ላይ አስቀመጥናቸው፤ የስፌት ወንበሯ ነው። ሲቀመጡ ከትራሱ ሥር ኮሽ አለ። ተመቻቹ፤ እንደገና ኮሽ አለ።

«ልጃችንን አንጠላትም» አሉ አክስትየው ብርጭቆውን አስቀምጠው። «ጨዋ ናት፤ ሥራ አላት። ግን ትዳር የሚያምረው ነገር ሳይደበቅ ነው። ‹እኔም ነበረብኝ› ብላ በአገር ፊት የተናገረችውን ለኛ ልጅ ለምን ሳትነግረው ቀረች? ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን ነው እንዴ የምንሰማው?»

ከኛዋ ሬዲዮም ሰምተው እንደሆነ አልጠረጠሩም።

«እትዬ፣ ተዋናይ ሆኜ ነው የሠራሁት» አለች ልጅቷ። «ጽሑፍ ሰጡኝ፣ አነበብኩ።»

«ተዋናይማ ይገባኛል፣ ልጄ። ድራማ ላይ ሌባ ሆና የሠራችን ሌባ አልላትም። ይሄ ግን ከታች ‹እውነተኛ ታሪክ› ይላል። መነጽሬን አድርጌ ነው ያነበብኩት።»

ልጅቷ እናቷን አላየቻትም። አንገቷን ወደ መስኮቱ አዙራ፣ እንዳታያት ብላ ነው ያላየቻት። አንድ ጊዜ ብትዞር ሁሉም ነገር ያልቅ ነበር፤ አልዞረችም።

«እውነተኛ ታሪክ ነው» አለች ኮስታራዋ። «የኔ ነው።»

«እማ!»

«እሷን ከወለድኩ ጀምሮ ሽንቴ ያመልጠኛል። እሷ ምንም የለባትም። የተቀመጡበት ትራስ ሥር ፌስታል አለ፤ የኔ ነው። እንዳይዘልቅ።»

ይህን ከአፏ ለማውጣት ሃያ ምናምን ዓመት ፈጅቶባታል፤ ሲወጣ ግን የሱሪ ልክ እንደምትናገር ነበር። እኔ የሻይ ማንቆርቆሪያውን እንደያዝኩ፣ አሁን አክስትየው ይደነግጣሉ፣ ወይ ያዝናሉ፣ ወይ ከወንበሩ ይነሳሉ ብዬ ጠበቅሁ።

ፈገግ አሉ። እጃቸውን ዘርግተው የኮስታራዋን ጉልበት መታ መታ አደረጉት።

«የእናት ሆድ!» አሉ። «እኔም ለልጄ ብሆን እንደሱ እል ነበር።»

«እንደሱ ማለቴ አይደለም። እውነቴን ነው።»

«ወንበር እንዳይቆሽሽ ፌስታል የማያደርግ ማን አለ? እኔም ሶፋዬ ላይ አድርጌአለሁ።»

«ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ እውነቷን ነው» አልኩ እኔ።

«እርስዎማ ጎረቤት ነዎት፣ እህቴ። ጎረቤት በዚህ ቀን ካልዋሸ መቼ ሊዋሽ ነው?» አሉኝ። ስድብ ይሁን ምስጋና እስከ ዛሬ አላወቅሁትም።

«ቁምሳጥኑን ልክፈትልዎት» አለች ኮስታራዋ። «የማደርገውን ይዩት።»

«ኧረ ምን በወጣዎት! ይቀመጡ» አሉ አክስትየው፤ ድምፃቸው የጠፋ ተማሪ እንደሚያባብል ሰው ለሰለሰ። «አይቀየሙኝ። ነገሩ ምን እንደሚመስል እኮ እናውቃለን፤ ማታ ማታ ያሳዩናል። ያለባት ሴት ወጣት ናት። ነጭ ትለብሳለች፣ ትዘላለች፣ ትስቃለች። እርስዎ…» ከጥቁር ሻሿ እስከ ጥቁር ቀሚሷ ጫፍ አዩዋት። «እርስዎ ሥራ ያደከመዎት ጤነኛ ሴት ነዎት።»

ልጅቷ አሁን ዞረች። ፊቷ ላይ የነበረውን መጻፍ አልችልም። እናቷን ለመደበቅ ስትል አንገቷን ስታዞር ሰንብታ፣ አሁን እናቷ በአደባባይ ቆማ የሚያያት ሲጠፋ ማየት ምን ይባላል?

«እትዬ፣ እማ የምትለው እውነት ነው። እኔ ያልኩት ሁሉ የእሷ ነው» አለች።

«ይኸው፣ ልጅቱም ከእናቷ ተማረች» አሉ አክስትየው፣ ቦርሳቸውን ከወለሉ እያነሱ።

ኮስታራዋ ወደ ሠርጉ ልብስ ሄደች። ምን ልትሠራ እንደሆነ እሷም ያወቀች አይመስለኝም፤ እጇ ሥራ ሲያጣ ወደ ጨርቅ ነው የሚሄደው። ተንበርክካ ከሥሩ የተሰኩትን ስፒሎች አንድ በአንድ መንቀል ጀመረች፤ እንዲጠለፍ ይሁን እንዲፈታ አይታወቅም። የነቀለችውን ከንፈሯ ላይ ትይዛለች። ነጩ ልብስ ላይ ጥቁሯ ሴትዮ። ሕይወቴን ሙሉ ቀልድ አጥቼ አላውቅም ነበር፤ ያን ቀን ብፈልግ ብፈልግ አንድም አልመጣልኝም።

አክስትየው በሩ ድረስ ሄደው ቆሙ። የመምህር ነገር፣ ሳይጠይቁ መውጣት አይሆንላቸውም።

«እሺ፣ እንዳሉት ይሁን» አሉ። «የእርስዎ ታሪክ ከሆነ፣ ለምን እርስዎን አላወጡዎትም? አንደበት አለዎት፤ ሲናገሩ ይገባል። ምን ጎደለብዎት?»

ኮስታራዋ ስፒሎቹን ከከንፈሯ አንስታ የመርፌ ትራሷ ላይ ሰካቻቸው።

«ሳቂ አሉኝ» አለች። «እኔን ደግሞ የሚያመልጠኝ ስስቅ ነው።»