ስልኩ ሳይጠራ

እና ፍጥነቱም አይደለም፣ ፍጥነቱን አራቴ አይቶታል፣ ማሽኑ ፊደሉን በሚልክበት ልክ ስክሪኑ ይቀበላል፣ ኬብሉም አይደለም፣ ኬብሉን ከትናንት ወዲያ ቀይሮታል፣ ብየዳውም አይደለም፣ ሃያ ስድስት ዓመት ሊፍት የጠገነ ሰው ሦስት ቀጭን ሽቦ በይዶ ያፍራል እንዴ፣ ታዲያ ይኼ ዝባዝንኬ ከየት ነው የሚመጣው፣ ኪቦርዱን ማንም ሳይነካው ስክሪኑ ላይ የጥያቄ ምልክት፣ ግማሽ ፊደል፣ አራት ማዕዘን፣ ከዚያ ዝም። ሰባት ሰዓት ተኩል። በሰባት ያልቃል ነው ያሉት።

አትቁጠር።

ሚስቱን በሦስት ሰዓት ነው ያስገቧት፣ ሐኪሙ አራት ሰዓት ይፈጃል ብሏል፣ ግማሹ ሰዓት የምንድን ነው፣ ልብ ሲከፈት ግማሽ ሰዓት ብዙ ነው ወይስ ትንሽ፣ ማንን ይጠይቃል፣ እትዬን መጠየቅ አይሞከርም። ታላቅ እህቱ እዚያው ሆስፒታል ነርስ ናት፣ ሚስቱ ገና ሳትገባ ከመጠበቂያው ክፍል ያባረረችውም እሷው ናት፣ ማሙሽ፣ ወለሉን ጨረስከው እኮ፣ የሰውን አስታማሚ ሁሉ አስጨነቅህ፣ ሂድና ያንን ጉድህን ነካካ፣ እኔ እደውልልሃለሁ። በሃምሳ አራት ዓመቱ ማሙሽ። እደውላለሁ ማለቷ ግን ጥሩ ነው፣ እትዬ ክፉ ነገር በስልክ አትናገርም፣ በሠላሳ ዓመት ሥራዋ ለአንድም ሰው አልተናገረችም፣ ጫማዋን ቀይራ ቤቱ ድረስ ትሄዳለች፣ ታንኳኳለች፣ ገብታ ትቀመጣለች። ስለዚህ ስልክ ከጠራ ደህና ነው። በር ከተንኳኳ ግን።

በሩን አታስብ፣ ማሽኑን አስብ። ሚስቱ ናት ለልደቱ የገዛችለት፣ የዛሬ አርባ ዓመት ዓይነት ኮምፒውተር፣ ቦርዱ ለብቻ፣ ቺፑ ለብቻ፣ ራስህ ገጣጥመህ ከስክሪኑ ጋር በሽቦ ታገናኘዋለህ፣ ፊደሎቹ ተሰልፈው አንድ ባንድ በሽቦው ይሄዳሉ። የመጀመሪያውን ወር እንደ ጨዋ ልጅ ሠራ። ከሦስት ሳምንት ወዲህ ለየለት። መመሪያው ደግሞ ምን ይላል፣ ተጠቃሚው የግንኙነት መስመሩ ከውጭ ረብሻ ነፃ መሆኑን በቅድሚያ ያረጋግጥ፣ ኧረ ባክህ፣ እዚህ ቤት ከእሱ ሌላ ምን ረብሻ አለ።

ሆስፒታል ልትተኛ አንድ ቀን ሲቀራት፣ ከሰዓት በኋላ፣ ከመኝታ ቤት ጠራችው፣ ና እስኪ አጠገቤ ተቀመጥ፣ አንድ ደቂቃ፣ ይችን ብልሽት ላግኝ አላት፣ ማሽንህ እኮ ምንም አልሆነም፣ የተረበሽከውስ አንተ ነህ። እየሳቀች ነው ያለችው። አንድ ደቂቃው ሁለት ሰዓት ሆነ፣ ሲገባ መነጽሯን እንዳደረገች እንቅልፍ ወስዷታል፣ ስትጠብቀው ነበር ማለት ነው፣ አንድ ወንበር ስቦ መቀመጥ ምን ነበረበት፣ እግሩ ተሰብሮ ነበር ወይ፣ ሽቦው ይሸሻል እንዴ፣ ፈርቶ ነው እንጂ፣ ፊቷን ማየት ፈርቶ ነው፣ እሷ ግን ይኼን በምን ታውቃለች።

ስክሪኑ ተንጫጫ። አምስት፣ ስድስት ምልክት። ወዲያው ስልኩ ጢጥ ይላል፣ ያነሳዋል፣ የእትዬ መልእክት ነው፣ ገና ነው። ገና ነው ብቻ፣ ሴትየዋ ቃል የምታወጣው በሚዛን ነው፣ ገና ማለት ምን ማለት ነው፣ ቆይ። ቆይ ቆይ። ጧት ገብታለች ብላ ስትጽፍም ተንጫጭቶ ነበር፣ ቀድሞ፣ መጀመሪያ ዝባዝንኬው ከዚያ ጢጡ። ስልኩ የት ነው፣ እዚሁ፣ ከሽቦው በአንድ ስንዝር። ስልክ እዚህ ክፍል አይገባም ነበር፣ የሚስቱ ሕግ ነው፣ ስትሠራ ሥራ፣ ስልክህን ጫማ መደርደሪያው ላይ ተወው፣ እሱም አክብሮት ኖሯል፣ የቀዶ ጥገናውን ቀን ደውለን እናሳውቃችኋለን እስከተባሉ ድረስ። ከዚያ ወዲህ ከእጁ አልወጣም። ሦስት ሳምንት።

ስልኩን ወስዶ በሩ አጠገብ፣ ጫማ መደርደሪያው ላይ ያስቀምጠዋል፣ ይመለሳል፣ ማሽኑን ፊደል እንዲደረድር ያዘዋል፣ አሥር መስመር፣ ሃያ፣ አርባ፣ አንድ እንከን የለም። ስልኩ ነው፣ ከኔትወርክ ማማው ጋር በተነጋገረ ቁጥር ሞገዱ ሽቦው ውስጥ ይገባል፣ ሳይጠራ ሁለት ትንፋሽ ያህል ቀድሞ። ሚስቱ ልክ ነበረች፣ ማሽኑ ምንም አልሆነም። ይነግራታል፣ እንዴት እንደምትስቅበት፣ ይነግራታል፣ ይነግራት ይሆን። ብልሽቱ ተገኘ፣ ደስታው ግን የለም፣ ስልኩ እዚያ ማዶ ነው፣ ቢጠራስ፣ ባይሰማስ፣ አራት ደቂቃ ይታገሣል፣ አራት ሙሉ ደቂቃ፣ ከዚያ ሄዶ ያመጣውና ሽቦው ላይ ያስተኛዋል፣ እላዩ ላይ። እንደ ልቡ ይረብሽ።

ደረጃው ላይ ኮቴ።

የሊፍት ጠጋኝ ሊፍት በሌለው ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ይኖራል፣ ሰፈሩ ሁሉ ሲስቅበት ኖሯል፣ ደረጃውን በጆሮው ያውቀዋል፣ አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ የሴት ጫማ ነው፣ ቀስ ያለ፣ ሆስፒታሉ ሩቅ አይደለም፣ ገና ነው ካለች ሃያ ደቂቃ አልፏል፣ በሃያ ደቂቃ ይደረሳል፣ ሦስተኛ፣ እዚያ ይቁም፣ በናትህ እዚያ ይቁም፣ አለፈ። አራተኛ። ቆመ። ጫማዋን ቀይራ ነው የምትመጣው። አይነሳም፣ ካልከፈተ አልተነገረውም፣ ካልተነገረው አልሆነም፣ ዓይኑን ስክሪኑ ላይ ተክሏል፣ ስክሪኑ ንጹሕ ነው፣ እንደዚህ ንጹሕ ሆኖ አያውቅም።

የጥያቄ ምልክት።

ግማሽ ፊደል፣ አራት ማዕዘን፣ አምስት፣ ስድስት፣ መልእክት ስድስት ላይ ያበቃል፣ ሰባት፣ ስምንት፣ አላበቃም፣ መስመሩ ሞላ፣ ሁለተኛው መስመር፣ ይኼ መልእክት አይደለም፣ ይኼ ጥሪ ነው፣ ውጭ ባለ ኮቴዋ ጎረቤቱ ቁልፏን ከቦርሳዋ ፈልጋ አግኝታ የራሷን በር ትከፍታለች፣ እሱ እጁ ስልኩ ላይ ነው፣ ድምፁ ገና ብቅ ሲል ይጫነዋል።

ማሙሽ፣ ኧረ አንዴም አልጠራም እኮ፣ ስልኩ ላይ ነው እንዴ የተኛኸው። ወጥታለች። ልቧ ደህና ይመታል። ሰማኸኝ፣ አለህ።

አለሁ እትዬ።

ዝባዝንኬው ስክሪኑን ሞልቶ መስመር በመስመር ይወርዳል። አያጠፋውም።