ባለ አራት ቁልፏ ቦርሳ

አባቴ ልብስ ሰፊ ነበር። ማሬ እያለ ነው የሚጠራኝ፤ እኔን ግን ንብ ልትገድለኝ ትችላለች። አሥራ አንድ ዓመቴ ላይ አንዷ ነድፋኝ ከንፈሬ አብጦ፣ ጉሮሮዬ ሊዘጋ ሲል ነው ሐኪም ቤት ያደረሱኝ።

ሐኪሙ እስክሪብቶ የምትመስል፣ ጭን ላይ ስትጫን ራሷ የምትወጋ መርፌ አዘዘልኝ። አባዬ መድኃኒት ቤት ዋጋዋን ሲሰማ፣ "ወርቅ ነው እንዴ የሚወጉት?" ብሎ ወጣ። ቀልዱ ግን እስከ ቤት አልዘለቀም። መንገዱን ሙሉ እጄን አልለቀቀም።

መላ ያመጣችልን ሱሪ ልታሳጥር የመጣች የሰፈራችን ነርስ ናት።

"ጋሼ፣ እስክሪብቶዋ ውስጥ ያለው አድሬናሊን የሚባል መድኃኒት ነው። ያው መድኃኒት በትንሽ ብልቃጥ ይሸጣል፤ ሲሪንጅ ተጨምሮበትም ከዚህ ሱሪ ማሳጠሪያ ዋጋ አይበልጥም። ሐኪሙ ከፈቀደና መጠኑን ከጻፈ አወጋጉን እኔ አሳይዎታለሁ።"

"ሲስተር፣ ዕድሜ ልኬን መርፌ ይዤ የኖርኩ ሰው እኮ ነኝ!"

"የእርስዎ መርፌ የሚወጋው ጨርቅ ነው፤ ጨርቅ ደግሞ አይጮህም።"

ሐኪሙ ፈቀደ። አባዬ ጠዋት ጠዋት ሱቁን ከመክፈቱ በፊት፣ ለልምምድ በተለየ ሲሪንጅ ውኃ እየቀዳ የመርፌ መሰኪያ ትራሱን ይወጋል። እማዬ ሰዓት ይዛ ትቆጥራለች።

"ቆየህ! በዚህ አያያዝህ ልጅቷ ተቀብራለች፤ ድገመው።"

ከዚያ መድኃኒቱ የሚቀመጥባትን ትንሽ ቦርሳ ሰፋ። ብልቃጡን ብርሃን እንዳያገኘው ጥቁር ገበር አለበሳት፤ ለያንዳንዱ ዕቃ ኪስ ሠራለት፤ መጠኑን በቀይ ክር ጠለፈባት። በመጨረሻም አራት የልብስ ቁልፍ ተከለባት። "በደንብ ያልተዘጋ ሥራ አላለቀም" ይል ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የታጠበ አንሶላ ሳወርድ እጥፉ ውስጥ የነበረች ንብ ነደፈችኝ። ወደ ሱቁ ሮጥኩ። አባዬ ቦርሳዋን አነሣ። የመጀመሪያው ቁልፍ ወጣ። ሁለተኛው አልወጣም። ስንት ሺህ ቁልፍ የተከሉ ጣቶች አንዱን ማውጣት ተሳናቸው፤ ቀዳዳው ደግሞ እንዳይላላ አጥብቆ የሠራው ነው። እኔ መተንፈስ እያቃተኝ ነው። እማዬ መቀሱን ወረወረችለት። ቦርሳዋን ከላይ እስከ ታች ቀደዳት፤ የብልቃጡን አንገት ሰበረ፣ ቀዳ፣ በቀሚሴ ላይ ጭኔን ወጋኝ።

ትንፋሼ ተመለሰ። ነርሷ፣ "ከተወጋችም በኋላ ሐኪም ይያት" ብላን ስለነበር የጎረቤት መኪና ወደ ሐኪም ቤት ይዞን ሄደ። አባዬ የተቀደደችውን ቦርሳ ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣

"አሳምሬ ሰፍቼ ልገድላት ነበር" አለ።

"ዝም በል አንተ! ማን ወጋትና ነው የተረፈችው?" አለችው እማዬ።

በማግስቱ አዲስ ሰፋ። ቁልፍ የላትም፤ አንድ ጥብጣብ ሲጎትቷት ትፈታለች። "አስቀያሚ ናት፣ ግን ትከፈታለች" ብሎ ሰጠኝ። የብልቃጡ ጊዜ ሊያልፍ ሲል ሁልጊዜ ቀድሞ የሚያስታውሰው እሱ ነበር።

ዘንድሮ አባዬ በልብ ሕመም ሞተ። ባለፈው ሳምንት ብልቃጡን ስለውጥ ጥብጣቡ አርጅቶ ኖሮ ተበጥሶ እጄ ላይ ቀረ። በእሱ የስፌት መኪና ላይ ተቀምጬ ለቦርሳዋ አዲስ ሰፋሁ። ስፌቱ ተጣሟል፤ ቢያየው "ማሬ፣ ይሄን የሰፋው ሰካራም ነው?" ይለኝ ነበር። ዓይኔን ጨፍኜ ጎተትኩት። ተከፈተ። የልምምዱን ሲሪንጅ አንሥቼ ውኃ ቀዳሁና ትራሱን ወጋሁ።

እማዬ በሩ ላይ ቆማ ሰዓቷን እያየች ነበር።

"ቆየሽ፤ ድገሚው" አለችኝ።