ዝምታውን የምትበላዋ ልጅ

የሙዚቃ መምህሯ ሲያጨበጭቡ ክፍሉ በአንድነት ይመልስላቸዋል፦ ታ፣ ታ፣ ቲ-ቲ፣ ዝም። በአራተኛው ላይ አይጨበጨብም፤ እጅ ደረት ላይ ያርፋል። ልጆቹ ከአንደኛ ክፍል ጀምረው የሚማሩት ይህንን ነው፤ ሲንጫጩም ጸጥ የሚያሰኟቸው በዚሁ ነው። ድምቢጥ ግን ሦስተኛ ክፍል ደርሳም አራተኛዋን መጠበቅ አቃታት። ዝም ሲባል ሳይታወቃት እጇ ይቀድማታል።

«ድምቢጥ፣ ዛሬም ዝምታውን በላሽብን!» ይላሉ መምህሯ። ክፍሉ ሁሉ ያውካካል።

ትምህርት ቤቱ ለሁለት ሳምንት ሊዘጋ ሲል፣ በመጨረሻው ቀን፣ ከበሮዎቹን ወደ ዕቃ ቤት እንድትመልስ የታዘዘችው እሷ ነበረች።

«ጡቧን እንዳትረሺ» አሏት።

የዕቃ ቤቱ የብረት በር ከውስጥ መክፈቻ የለውም፤ የሚገባ ሁሉ በጡብ አስደግፎት ነው። ድምቢጥ እጇ በከበሮ ተይዞ ስለነበር ጡቧን በእግሯ ወደ በሩ ገፋ አደረገቻትና፣ በደንብ ሳታስደግፍ አልፋ ገባች። በሩ ከኋላዋ ዷ ብሎ ተዘጋ።

መጀመሪያ ሳቋ መጣ። ቀጥላ ገፋች። ከዚያ ጮኸች። ከጣራው ሥር ካለችው መዳፍ ከምታክል መስኮት በቀር ብርሃን የለም። ከአጥሩ ማዶ ያለው ብረት ቀጥቃጭ መዶሻውን ያወርደዋል፤ ጩኸቷን ዋጠው። ከመደርደሪያው ላይ ትሪያንግል የሚባለው ባለሦስት ማዕዘን የሙዚቃ መሣሪያ የሚመታበትን የብረት ዘንግ በዳበሳ አንስታ በሩን ቀጠቀጠችው። ድምፅዋ እስኪዘጋ ጮኸች፣ ክንዷ እስኪዝል ቀጠቀጠች።

በመስኮቷ በኩል የቁልፍ ኳኳታ ተሰማ።

«አባባ፣ እህቴ አልመጣችም።» ታናሿ ናት፣ የአንደኛ ክፍሏ። ሁልጊዜ ተጠባብቀው ነው የሚሄዱት።

«ሄዳለች የኔ እናት። መምህራኑም ወጥተዋል» አሉ ጥበቃው። «ነይ ላሻግርሽ፤ እኔም ቆልፌ ወደ ቤቴ ልግባ።»

«ምንድን ነው የሚንኳኳው?»

«ብረት ቀጥቃጩ ነዋ! ጆሮዬን ጨረሰው እኮ።»

ድምቢጥ አብዝታ፣ አፍጥና ደበደበች። ኮቴያቸው ራቀ። ባፈጠነች ቁጥር የራሷ ምት ከመዶሻው ጋር ይቀላቀልባታል፤ ለራሷም መለየት አቃታት።

ዘንጉን ጠበቅ አድርጋ ያዘች። ታ፣ ታ፣ ቲ-ቲ።

እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። ወዲያው ጨለማው ተጠጋት። እግሯ ሥር አንድ ነገር ኮሽ አለ። እጇ ሊመታ ተነሳ፤ ከንፈሯን ነክሳ ያዘችው። እንደገና፦ ታ፣ ታ፣ ቲ-ቲ። እንደገና ያ ጸጥታ።

ኮቴው ቆመ። ትንንሽ መዳፎች ከሩቅ መለሱ፦ ቸብ፣ ቸብ፣ ቸብ-ቸብ።

«አንቺ ደግሞ ምን ያስጨበጭብሻል?»

«ሲመታ መመለስ አለብን። ካልመለስን ቲቸር ይቆጣሉ።»

«ብረት ቀጥቃጩ ነው አልኩሽ!»

«እሱ ዝም አይልም እኮ አባባ። ይሄኛው ዝም ይላል። ይስሙ!»

ሁለቱ እያዳመጡ ነው። አሁን ከሳተች ያው መዶሻ ነው፤ ጥበቃው ልጅቷን እጇን ይዘው ይወጣሉ። ድምቢጥ ዓይኗን ጨፈነች። ታ፣ ታ፣ ቲ-ቲ። መዳፏ ሥር ልቧ ይዘላል፤ እሷ ግን አልመታችም። ኮሽ ያለው ነገር ካልሲዋን ነካ። አልመታችም።

የቁልፉ ኳኳታ እየሮጠ መጣ።

«ኧረ በፈጠረሽ!» አሉ ጥበቃው በሩን በርግደው። «አንቺ ልጅ፣ ሽበቴን ልትጨምሪብኝ ነው?»

ታናሿ ከጎናቸው ብቅ ብላ አየቻት። «እታለም፣ ዛሬ አልበላሽውም!» አለች።

ድምቢጥ አልሳቀችም። ወጣችና የጥበቃውን ኮት በአንድ እጇ ጨምድዳ ያዘች። ዕቃ ቤቱ ውስጥ ማንም አልቀረም። እሷ ግን ሊዘጉት ሲሉ አስቁማቸው ጎንበስ አለች፤ ጡቧን ጎትታ ከበሩ ሥር ወሸቀቻት።